ከዲየፕ እስከ ለ ሃቭር፦ ነፋሱን ሳልጠይቅ የሄድኩት መንገድ

ካርታው ላይ ሳየው ቀላል ነበር። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ፣ ከዲየፕ ተነሥቼ ባሕሩን በስተቀኝ እያደረግሁ በገጠር መንገዶች እስከ ለ ሃቭር በብስክሌት እሄዳለሁ። ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሁለት ቀን ቢከፈል ሽርሽር እንጂ ድካም አይባልም። ተራራ የሚባል ነገር የለም፤ አገሩ ከፍ ቢል መቶ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው መቶ ሜትርን ዳገት ብሎ አይጠራም። መጀመሪያ የቀጣኝ ይኸው ንቀቴ ነው።

ይህን ጠረፍ የመረጥኩት በዳንኤል ተክለሃይማኖት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር በስድስተኛው ቀኑ ከአብቪል ተነሥቶ ለ ሃቭር የገባው በዚሁ በኩል ነበር። ኤርትራዊው ዳንኤል በዲየፕ፣ በፑርቪልና በለ ቲዬል ያሉትን ሦስት ዳገቶች ቀድሞ ወጣና ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የዳገት ጀግና ማሊያ ለበሰ፤ ያን ማሊያ በመልበስም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ያን ቀን ፓሪስ ዳርቻ ከኤርትራውያን ጎረቤቶቼ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር፤ እልልታው ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እነዚያን ሦስት ዳገቶች በራሴ እግር ለመውጣት ስመኝ ኖሬ ባለፈው ሰኔ መጀመሪያ ብስክሌቴን ባቡር ላይ ጭኜ ዲየፕ ወረድኩ።

ያልገባኝ የአገሩ አቀማመጥ ነበር። ፈረንሳዮች ጠረፉን የአልባስጥሮስ ጠረፍ ይሉታል፤ ገደሉ ከነጭ ኖራ ድንጋይ የተሠራ፣ ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ነው። ከገደሉ በላይ ያለው ምድር ሜዳ ነው፤ ነገር ግን በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሸለቆ ሜዳውን ሰንጥቆ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። መንደሮቹ የተቀመጡት በየሸለቆው አፍ ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱ ወደ መንደሩ በጥድፊያ ይወርዳል፣ ድልድይ ይሻገራል፣ ከዚያም የወረደውን ሁሉ መልሶ ይወጣል። ተራራ አንድ ጊዜ ተወጥቶ ያበቃል፤ ይሄኛው ግን የመጋዝ ጥርስ ነው። ርቀቱን ከመለካት ይልቅ ሸለቆዎቹን ብቆጥር ኖሮ ለሁለት የከፈልኩትን ጉዞ ለሦስት እከፍለው ነበር።

ብስክሌቴም አልረዳኝም። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት የውድድር ብስክሌት ነች፤ ፊት ለፊት ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ ማርሿ ባለ 25 ጥርስ። የፊቱ ጥርስ ባነሰ፣ የኋላው በበዛ ቁጥር ዳገት ይቀላልና፣ ይህ ለጎረምሳ እግር የተሰናዳ ነገር ነው። የፑርቪልን ዳገት የዳንኤልን ስም እየጠራሁ ወጣሁት፤ ሦስተኛው ሸለቆ ላይ ግን ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ይህን ጊዜ አንዲት ሰባ ዓመት የሚያልፋቸው እናት በኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ቅርጫታቸው ውስጥ ረጅም ዳቦ እንዳቆሙ፣ በአጠገቤ ሽው ብለው አለፉና «ኩራዥ!» አሉኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። አሁን ፊት ባለ 34፣ ከኋላ ባለ 32 ጥርስ አስገጥሜአለሁ። ዋጋው ከአንድ ምሽት ሆቴል ብዙም አይበልጥም፤ ለጉልበቴ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከፑርቪል ቀጥሎ ቫራንዥቪል አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ከነመቃብር ቦታው ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሠዓሊው ጆርጅ ብራክ የተቀበረው እዚያ ነው፤ ከመስኮቶቹ የአንዱን ባለቀለም መስተዋትም የሠራው እሱ ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የገባሁት ውሃ ፍለጋ ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው፤ ከቀትር በኋላ የገጠር ዳቦ ቤትም ሱቅም ይዘጋል። በፈረንሳይ ብስክሌት ነጂዎች ዘንድ የታወቀው መላ የመቃብር ቦታ ቧንቧ ነው፤ አበባ ለማጠጣት የተተከለ ቢሆንም «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ውሃ ነው። ለእኔ መጀመሪያ ከበደኝ። እኛ ዘንድ ከመቃብር ሰው ዕንባውን አብሶ ይወጣል እንጂ ኮዳውን ሞልቶ አይወጣም። አማተብኩና ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የነፋሱ ታሪክ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝና ነፋስ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። የዚያ ጠረፍ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየሄድኩ ነው። ሜዳው ላይ ምንም መከለያ የለም፤ ስንዴው ሁሉ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ይሰግዳል። ቁልቁለት ላይ እንኳ ፔዳል ካልመታሁ ፍጥነቴ ከሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ያዳኑኝ ገበሬዎቹ ናቸው። በዚያ አገር የገበሬ ግቢ ዙሪያውን በአፈር ካብ ላይ በተተከሉ ረጃጅም ዛፎች ይታጠራል፤ የተተከሉትም ለነፋሱ ነው። ከአንዱ ግቢ እስከ ሌላው እየቆጠርኩ ሄድኩ፤ ዛፎቹ ጥላ ሥር ስደርስ ድምፁ ጸጥ ይላል፣ ትንፋሼ ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ሜዳው። ባሕሩን ብዙም አላየሁትም። መንገዱ ከገደሉ ገባ ብሎ ስለሚሄድ ባሕሩ የሚታየው በየሸለቆው አፍ ላይ ብቻ ነው፤ ይህንንም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቬል ሌ ሮዝ መንደር ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የገደሉ ኖራ ድንጋይ በውስጡ የባልጩት መስመሮች አሉት፤ የመንደሮቹ ግድግዳ ሳይቀር በባልጩት የተገነባ ነው። ዝናብ ከእርሻው አጥቦ የሚያመጣው ስብርባሪ መንገዱ ዳር ይከማቻል፤ እኔ ደግሞ መኪና ፈርቼ ዳር ዳሩን ይዤ ነበር። ከመነዳሪውን በፍጥነት ቀየርኩና ሄድኩ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ አዲሱም ተነፈሰ። አሁን ቁጭ ብዬ አውራ ጣቴን ጎማው ውስጥ ዙሪያውን ቀስ ብዬ አሳለፍኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆረጠኝ። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ባልጩት ጎማውን በስታ ጫፏን ወደ ውስጥ አሹላ ተቀምጣለች። በጥፍሬ እምቢ አለች፤ በቁልፍ ጫፍ ገፍቼ አወጣኋት። ሌላ ቅያሪ ስላልነበረኝ የመጀመሪያውን ለጥፌ ነው የቀጠልኩት። ብስክሌት ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጎማውን ውስጡን ሳይዳስሱ አዲስ ከመነዳሪ ማስገባት የጀማሪ ስሕተት መሆኑን ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ።

ቬል ሌ ሮዝ ውስጥ እጄን የታጠብኩት በቬል ወንዝ ነው። ከምንጩ እስከ ባሕሩ 1 ኪሎ ሜትር ከ100 ሜትር ያህል ብቻ የሚሄድ፣ ወደ ባሕር ከሚፈስሱት የፈረንሳይ ወንዞች አጭሩ ነው። ዓባይን ለሚያውቅ ሰው እንደ ቦይ ነው፤ ግን የራሱ ወፍጮዎች አሉት። ያደርኩበት ፌካን ከተማ የደረስኩት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሰኔ እስከ አራት ሰዓት ብርሃን ባይኖር ኖሮ ሜዳው ላይ ይጨልምብኝ ነበር። ምግብ ቤቱ ወጥ ቤቱን ዘግቷል፤ ራቴ ኪሴ ውስጥ የተደቆሰ ሙዝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፌካን ዳገት ወጥቼ ሜዳው ላይ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ። ትናንት አረንጓዴ ሣር ነው ብዬ ያለፍኩት ዓይነት እርሻ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። ብስክሌቴን አጋድሜ ገባሁና አየሁት፦ ተልባ ነው! ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ ላክሁና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ትናንት እኮ አበባ አልነበረውም።»

«ረፍዶብህ ነዋ፣ ልጄ። ተልባ ጠዋት ያብባል፣ ፀሐይ ሲበረታ አበባውን ያራግፋል። ይሄ ደግሞ ምን አስረዘመው?»

አገዳው እውነትም ከእኛው ይረዝማል። የሚፈልጉት ለጭረቱ፣ ክር ለሚሆነው ቃጫው ነው፤ ፈረንሳይ ለጨርቅ የሚሆን ተልባ በማምረት ከዓለም አንደኛ ነች። ሲደርስ አያጭዱትም፤ ከነሥሩ ነቅለው እዚያው እርሻው ላይ ያነጥፉትና ጤዛና ዝናብ ለሳምንታት ያለሰልሰዋል፤ የባሕሩ እርጥበት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያን «የተልባ እግር» ሲባል ስሰማ አድጌ እግሩ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው። እናቴ ግን ይህን ሁሉ አስረድቻት አልረካችም። «እሺ፣ ፍሬውንስ ማን ይበላዋል?» አለችኝ።

ኤትረታ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የገደሉን ቅስቶች ሠዓሊው ሞኔ ደጋግሞ ስሏቸዋል፣ ሰውም እንደ ጥምቀት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የብስክሌት ጫማዬ ከሥሩ ብረት ስላለው እርጥብ ኖራ ላይ ያንሸራትታል፤ የገደሉም ጫፍ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ጫማዬን አውልቄ፣ ከጫፉ ርቄ አየሁና ወረድኩ።

የለ ቲዬል ዳገት የሚጀምረው ከኤትረታ መውጫ ላይ ነው። መኪና የሚበዛበት መንገድ ቢሆንም ይህችን ዳገት በአቋራጭ ማለፍ አልፈለግሁም። ሳልወርድ ወጣኋት፤ ቀስ ብዬ፣ መሪውን እንደ በሬ ቀንበር ጨብጬ። ጫፉ ላይ የጭብጨባ ድምፅ አልነበረም፤ ነፋሱ ብቻ አፍንጫዬ ላይ ጠበቀኝ።

ዘንድሮ በሰኔ የምቆርጠው የባቡር ትኬት የለ ሃቭር ነው። ከዚያ ወደ ዲየፕ ስነዳ ነፋሱ ከኋላዬ ይሆናል፤ ሦስት ቀን፣ አራት ከመነዳሪ፣ እሑድን ሳይነካ። ተልባው ዘንድ ከረፋዱ በፊት መድረስ አለብኝ፤ እናቴ በቪዲዮ አሳየኝ ብላለች።