ከዊንስቴድ ኮረብታ እስከ ጥጥ መዳመጫው

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ የተካሄደባት የቴነሲዋ ፍራንክሊን ከናሽቪል በስተደቡብ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጎብኚው ብዙ ጊዜ በቀጥታ የውጊያው ማዕከል ወደነበረው ካርተር ቤት ይገባል፤ እኔ ግን ከዊንስቴድ ኮረብታ ጀመርኩ። የደቡቡን ጦር ጄኔራል የፓትሪክ ክሌበርንን አሟሟት ለመረዳት እሱ በመጣበት አቅጣጫ መምጣት ይሻላል።

ክሌበርን እ.ኤ.አ. በ1828 አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ተወለደ። የመድኃኒት ቅመማ ፈተና ወድቆ በእንግሊዝ ጦር ተራ ወታደር ሆነ፤ በ1849 ገንዘብ ከፍሎ ተሰናበተና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አርካንሳስ ውስጥ ሄሌና ላይ መድኃኒት ቤት ሠራ፣ ኋላም ጠበቃ ሆነ። በ1861 ከአሜሪካ ለተገነጠለው ደቡብ ዘመተ፤ በ1862 መጨረሻ ሜጀር ጄኔራል ነበር። በ1863 ሪንጎልድ በር በሚባል የተራራ መተላለፊያ ላይ 4,000 በሚሆን ሰው እጅግ የሚበዛውን ጠላት ለአምስት ሰዓት ያህል አግዶ የሠራዊቱን ጓዝ አተረፈ። መከላከልን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ አዋጊ በዚያ ጦር ውስጥ አይታየኝም።

በጃንዋሪ 1864 ሰው ሲያጥር፣ ባሪያዎችን ነጻ አውጥተን እናስታጥቅ ሲል በጽሑፍ ሐሳብ አቀረበ። የደቡቡ ፕሬዚዳንት ዴቪስ ጽሑፉ ታፍኖ እንዲቀር አዘዘ። ደቡብ የሚዋጋው ለምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

ከኮረብታው እስከ ሰሜኖቹ፣ ማለትም እስከ አሜሪካ መንግሥት ጦር ምሽግ፣ 3 ኪሎ ሜትር ገላጣ ሜዳ ነበር። ኖቬምበር 30 ቀን 1864 ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ 20,000 ያህል የደቡብ እግረኛ ተንቀሳቀሰ። አብዛኛው መድፍ ገና ኋላ ስለነበር ምሽጉ አስቀድሞ አልተደበደበም። ሰሜኖቹ ቦይ ቆፍረው አፈሩን ከፊታቸው ከምረዋል፤ በላዩ ግንድ ጋድመው በሥሩ ባለው ክፍተት ይተኩሳሉ። ከምሽጉ ውጭ የቀሩት ሁለት ብርጌዶቻቸው ሲሸሹ የክሌበርን ሰዎች ተቀላቅለው ተከተሏቸው። ተከላካዮቹም ወገናቸውን ላለመምታት ተኩስ አቆዩ፤ ሲከፍቱ ግን ርቀቱ አልቆ ነበር። ክሌበርን ሁለት ፈረስ ተገድሎበት፣ ቆቡን እያውለበለበ በእግሩ ገሰገሰ፤ ምሽጉ ላይ በነበረው ጥጥ መዳመጫ ቤት አጠገብ ደረቱን ተመትቶ ወደቀ።

ዛሬ ሜዳው ቤትና ሱቅ ነው። በወደቀበት አካባቢ እስከ 2005 ፒዛ ቤት ነበር፤ አሁን የመድፍ አረር ክምር መታሰቢያ ቆሞበታል። መንገዱን ተሻግሮ የካርተሮች የእርሻ ቢሮ አለ፤ ጣውላው በጥይት ተበሳስቷል፣ ውስጡ ገብቶ ቀና ያለ ሰው በየቀዳዳው ብርሃን ሲገባ ያያል። በኖቬምበር መጨረሻ የሚሄድ ሰው አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ይገኝ፤ ፀሐይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትጠልቃለች፣ ውጊያውም በአብዛኛው የተካሄደው በጨለማ ነው።

ሬሳው በማግስቱ ሲገኝ ቦት ጫማው፣ ሰዓቱና ሰይፉ ተወስደው ነበር።