እንግሊዝ አገር መዘምራን ውስጥ ልግባ ለምትሉ፦ ከድምፅ በፊት ኖታ

የንጉሥ ቻርልስ የዘውድ በዓል በሚያዝያ 2015 በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ከአገር ቤት የሚመጣው ጥያቄ አላባራ ብሏል። «ያ መለከት የሚነፋበት፣ ኦርጋኑ የሚያስገመግምበት፣ ሕፃናቱ ነጭ ደርበው የሚዘምሩበት ቦታ እኛን ያስገቡናል? ይከፍላሉ? ለቪዛስ ይሆናል?» ከልጅነቴ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬያለሁ የሚል አለ፤ ኳየር ውስጥ ሶሎ የምዘምረው እኔ ነበርኩ የምትል አለች። ሁሉም የሚተማመነው በድምፁ ነው።

ያስገባሉ። ከየት መጣህ፣ እንግሊዝኛህ ለምን እንዲህ ሆነ የሚል የለም። የሰፈር ቤተ ክርስቲያን መዘምራንማ ሰው እንደ ጠፋባቸው ነው የሚኖሩት፤ በተለይ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ከተገኘ በደስታ ይቀበሉታል። ግን በሩ ላይ የሚጠብቅ አንድ ነገር አለ፤ መልካም ድምፅ ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚሸማቀቀው እዚያ ላይ ነው። ኖታ ማንበብ ነው።

በካቴድራሎቹ በሳምንት ብዙውን ቀን ኢቨንሶንግ የሚሉት የማታ ጸሎት አለ። መዘምራኑ ከጸሎቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይሰበሰባሉ። በዚያች ጊዜ የዕለቱን መዝሙረ ዳዊት፣ የእመቤታችንን ጸሎትና የስምዖንን ጸሎት፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ «አንተም» (anthem) የሚባለውን ረጅም መዝሙር ይጨርሳሉ። እያንዳንዱን አንዴ ያልፉበታል፤ የከበደውን ቦታ ሁለቴ። «እስኪ ዜማውን አሰማኝ» የሚባል ነገር የለም። መሪው «ገጽ አራት፣ ሁለተኛው መስመር፣ ቴነሮች» ብሎ እጁን ያነሣል። እንግዳው ገጹን እስኪያገኝ ሌሎቹ ስምንት ባር (በኖታ ላይ በመስመር የተለየ የምት ክፍል) ዘምረዋል። የሚቆጣ ሰው የለም። አጠገቡ ያለው ሰው በፈገግታ ጣቱን ዘርግቶ ወረቀቱ ላይ የደረሱበትን ቦታ ይጠቁመዋል። ያቺ ጣት ናት አንጀት የምትበላው። ፊት ለፊት ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከመሪው ቀድሞ ገጽ እየገለጠ ይዘምራል።

ይህ የሚያናድደው የእኛ ትምህርት አንሶ ስላልሆነ ነው። ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በቃሉ ይዞ የሚቆም መሪጌታ ያለው ሕዝብ ነን። እንግሊዞቹ ወረቀቱ ከእጃቸው ከወደቀ ድምፃቸውም አብሮ ይወድቃል፤ ለዓመታት የዘመሩትን እንኳ ያለ ወረቀት አይደፍሩትም። እኛ በጆሮ እንማራለን፣ ደጋግመን እናጠናለን፣ ካጠናን በኋላ ማን ይነካናል። ግን የእነሱ አሠራር ለመደጋገም ጊዜ አይሰጥም። በዓመት የሚዘምሩት የመዝሙር ብዛት በቃል ለመያዝ የታሰበ አይደለም።

አቋቋማቸው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ያየ ሰው ዴካኒና ካንቶሪስ አይከብደውም። ዴካኒ በደቡብ፣ ካንቶሪስ በሰሜን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መዝሙረ ዳዊቱን ቁጥር በቁጥር ይቀባበሉታል። ወረቀቱ ላይ «ዴክ» እና «ካን» የሚል ምልክት አለ። የቆሙበትን ጎን ሳያረጋግጡ ጮክ ብሎ መጀመር ማለት ሌሎቹ ዝም ባሉበት ብቻን መሰማት ነው፤ ስለዚህ ገና ስትቆሙ ጎረቤታችሁን ጠይቁና በእርሳስ ክበቡት። እርሳስ፣ እስክሪብቶ አይደለም፤ ወረቀቱ የቤተ መጻሕፍታቸው ንብረት ነው።

ሁለተኛው ሽንፈት ድምፅን አለመቆጠብ ነው። አገር ቤት የሚደነቀው ማወራረድ፣ ማርገብገብ፣ ቃሉን እየጎተቱ ማስዋብ እዚህ «ድምፅህ ወጣ» ያሰኛል። የሚፈልጉት ሃያው ሰው አንድ ድምፅ ሆኖ እንዲሰማ ነው። የራሱ ድምፅ ከጎረቤቱ በላይ የሚሰማው ሰው ድምፁ በዝቷል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር የእነሱም ልክ አልፎ ይደርቃል፤ ስለ ትንሣኤ እየዘመሩ ፊታቸው ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ያስመስላቸዋል።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠይቁት ወደ ትልቁ ሙዚቃ ልምጣ። ንጉሡ ወደ ዌስትሚንስተር አቢ ሲገቡ የተዘመረው የእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ የፓሪ «አይ ወዝ ግላድ» ቃሉ የእኛው ነው። በግእዙ መዝሙር 121፣ «ተፈሣሕኩ እስመ ይቤሉኒ ቤተ እግዚአብሔር ነሐውር»፤ እነሱ 122 ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1902 ለኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ተጽፎ በ1911 መግቢያው ታደሰ። ራስ መኰንን ለንደን የመጡት ለዚያው ለ1902ቱ በዓል ነው፤ ለ1911ዱ ደግሞ በኋላ ራስ የሆኑት ካሳ ኃይሉ መጥተዋል። የ1902ቱ በዓል ቀን ንጉሡ በትርፍ አንጀት ታመው ከሰኔ 26 ወደ ነሐሴ 9 በፈረንጅ አቆጣጠር ተገፍቶ ነበር። በዕለቱም የሙዚቃው አዛዥ ፍሬድሪክ ብሪጅ ሰዓቱን ስቶ ንጉሡ ሳይገቡ መዝሙሩን ጨረሰው። ኦርጋን ላይ የነበረው ዋልተር አልኮክ ከራሱ እየፈጠረ ክፍተቱን ሞላ፤ ንጉሡ ሲደርሱ መዝሙሩ እንደገና ተዘመረ። ዛሬም ጳጳስ ወይም ሙሽራ ሲገባ ይህ እንዳይደገም አንድ ሰው በሩ ላይ ይቆምና ለመሪው ምልክት ይሰጣል። ኦርጋኒስቱም ያለ ወረቀት የሚጫወተውን ሁለት ደቂቃ በጁ ይዞ ይቀመጣል።

ይህን መዝሙር ለመዘመር ስትነሡ መጀመሪያ የሚጣራው መሐል ያለው «ቪቫት» የሚባለው ጩኸት ነው። በዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ተማሪዎች የንጉሡን ስም እየጠሩ የሚያሰሙት እሱ ነው፤ ከዘውድ በዓል ውጭ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የመዘምራኑ፣ የኦርጋኑና የመለከቶቹ ወረቀት የገጽ ቁጥሩ ስለማይገጥም ዝላዩን በገጽ ቁጥር መናገር ትርምስ ይፈጥራል። በባር ቁጥር ወይም በልምምድ ፊደል ይነገር፤ ሁሉም ያስምርበት። ከቪቫቱ በፊት ኢየሩሳሌም እንደ ከተማ ታነጸች የሚለው ጋ መዘምራኑ ለሁለት ተከፍለው ይቀባበላሉ፤ ሃያ ሰው ብቻ ካላችሁ እዚያ ድምፁ ይሳሳል። ከቪቫቱ በኋላ ስለ ሰላም የሚጸልየው ክፍል ቀስ ብሎ በጂ ፍላት ሜጀር ይመጣል። ስድስት ፍላት (ድምፅን በግማሽ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት) አለበት። ከታላቁ ጩኸት በኋላ ስለሚመጣ ጆሮ ገና አልበረደም፤ ድምፅ ወደ ታች የሚንሸራተተው እዚያ ነው፤ ኦርጋኑ ከፍ ሲል ደግሞ ይጋለጣል። ሶፕራኖዎች (ከፍተኛው ድምፅ) መጨረሻ ላይ የላይኛው ቢ ፍላት ስለሚጠብቃቸው መጀመሪያው ገጽ ላይ ጉሮሯቸውን መጨረስ የለባቸውም። «ግላድ» የሚለው ቃል የመጨረሻዋ «ድ» ደግሞ ሁሉም ሰው በተስማማበት ምት ላይ ትቀመጣለች፤ አለዚያ እንደ በረዶ ጣሪያ ላይ ትንጣጣለች።

የሙዚቃ ደራሲው የሃንድል «ዛዶክ» ከ1727 ጀምሮ በዘውድ በዓል ሁሉ ተዘምሯል። ካህኑ ሳዶቅና ነቢዩ ናታን ሰሎሞንን ቀቡት የሚለው የመጽሐፈ ነገሥት ቃል ነው። በክብረ ነገሥት ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር የመጣው አዛርያስ የዚያው የሳዶቅ ልጅ ስለሆነ ይህን መዝሙር ሐበሻ ሲዘምረው እንግድነት የለበትም። አደጋው መግቢያው ነው። 22 ባር ሙዚቃ ብቻ ይሄድና ሰባት ድምፅ በአንዴ በኃይል ይገባል። ቆጥሩ፤ የጎረቤታችሁን ትንፋሽ አትጠብቁ፤ እሱም የእናንተን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

መለከት ነፊዎች የተለየ ዕድል አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከመጡት አርባ ልጆች ከሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞችና ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ወዲህ በአገራችን የማርሽ ባንድ ሰው ኖታ እያነበበ ነው የሚያድገው። የፖሊስና የጦር ኦርኬስትራ የነፋ ሰው እዚህ መጥቶ ዘማሪው እንደሚሸማቀቀው አይሸማቀቅም። ብቻ ቢ ፍላት ትራምፔት ይዞ ከመዘምራኑ የመዝሙር መጽሐፍ ላይ በቀጥታ ከነፋ ሁሉም በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ አንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ላይ አሻግሮ መንፋት አለበት። የተዘጋጀ የትራምፔት ወረቀት ካለ ግን ተሻግሮ ነው የተጻፈው፤ ሁለቴ ማሻገር ሌላ ጥፋት ነው።

ለሠላሳ አማተር ዘማሪ ሁለት ትራምፔት፣ አንድ ሆርን፣ አንድ ትሮምቦንና አንድ ቱባ ይበቃል። ቲምፓኒ (ትልቅ ከበሮ) ከተጨመረ መለከቶቹ የበለጠ ይጠንቀቁ። ወረቀቱ «ፎርቴ» (በኃይል) ቢልም ሰው በሚዘምርበት ላይ መካከለኛ ኃይል ነው የሚነፋው፤ ሙሉ ኃይል ዘማሪ ለሌለበት መግቢያና መዝጊያ ይቀመጥ። ልምምዱ ላይ የመለከት ሥራዎች ይቅደሙ፤ ከንፈር ይደክማል፤ መጨረሻ ላይ የተለማመደ ነፊ በዓሉ ላይ ከፍተኛዋን ኖታ ያጣታል።

ትልቁ ችግር ብርድ ነው። ኦርጋን በዕለቱ አይቃኝም፤ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። የአብዛኛው የኦርጋን ቱቦ ድምፅ ከአየሩ ሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የግማሽ ድምፅ ሦስት መቶኛ ያህል ነው። ድንጋዩ ቤት በክረምት ዐሥር ዲግሪ ከቀዘቀዘ ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ሊጠጋ ነው። ምላስ ያላቸው ቱቦዎች ደግሞ እምብዛም አይነቃነቁም፤ ስለዚህ በብርድ ቀን ኦርጋኑ ከራሱም ጋር ይጣላል። ማሞቂያው ቀደም ብሎ ይብራ። ነፊዎቹ መጀመሪያ መሣሪያውን አሙቀው፣ ከዚያ ከኦርጋኑ ጋር ይቃኙ። ስብከት ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ትራምፔት ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ከመዝሙሩ አንድ ደቂቃ በፊት ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማስገባት ያድናል። ኦርጋኒስቱ ሠላሳ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ድምፁ ለመድረስ ወደ ዐሥረኛ ሰከንድ ይጠጋበታል። ጆሮን ያመነ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዓይን በመሪው እጅ ላይ ይሁን።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ፤ ኖታ ያነበበውንም ይይዘዋል። ሕዝቡ የሚዘምረው መዝሙር ላይ ኦርጋኑ መጀመሪያ ዜማውን ያሰማል፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ሁሉም፣ መሐሉ ላይ አንዱ ያለ ኦርጋን በአራት ድምፅ፣ የመጨረሻው ከመለከት ጋር። በመጨረሻው አንቀጽ ኦርጋኒስቱ ብዙ ጊዜ አጃቢውን ድምፅ ይለውጠዋል። መካከለኛዎቹ ድምፆች አልቶና ቴነር እንደ ቀድሞው የራሳቸውን መስመር ከያዙ ከአዲሱ ጋር ይጋጫሉ። ወረቀቱ ላይ «ዩኒሰን» የሚል ካለ ሁሉም ዜማውን ብቻ ይዘምራል፤ ከላይ የሚሄደው ዴስካንት ለሶፕራኖ ነው። ካልተጻፈ ኦርጋኒስቱን ጠይቁት።

ካለቀ በኋላ እልልታም ጭብጨባም አትጠብቁ። ጣሪያው የተናወጠበት መዝሙር አልቆ ሰው ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ሻይና ብስኩት ነው። ለእኛ ጠበል ጻድቅ ለለመድነው ይቀዘቅዛል። በበኩላቸው ሦስት ሰዓት ካሉ ሦስት ሰዓት ነው፤ የሐበሻ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ሰው ካሶኩን፣ የመዘምራኑን ረጅም ቀሚስ፣ ሳይለብስ ሰልፉ ይወጣል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የሰፈር መዘምራን አብዛኛው በነጻ ነው። በካቴድራል ደመወዝ ያላቸው ጥቂት ናቸው፤ ተተኪ ሆኖ የሚጠራ ሰው በአገልግሎት ይከፈለዋል፤ የሚጠሩትም ሳያጠኑ ማንበብ የሚችሉትን ነው። የዩኒቨርሲቲ የመዘምራን ስኮላርሺፕ የሚባለው መጀመሪያ ለትምህርቱ ለገባ ተማሪ የሚሰጥ ድጎማ ነው፤ የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም። «መዘምራን አስገባሃለሁ» ብሎ ለቪዛ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። በዚህ መንገድ ልሰደድ ብላችሁ ሥራችሁን አትልቀቁ።

ተዋሕዶ የሆናችሁ ለንስሐ አባታችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። መዘመርና መቁረብ የተለያዩ ናቸው፤ መዘምራኑ ለቁርባን ሲሰለፉ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ቡራኬ መቀበል ይቻላል፣ ቦታ ላይ መቆየትም ነውር አይደለም። የእነሱ ገና ከእኛው ስለሚቀድም ሁለቱንም ማገልገል ይመቻል። ግን እነሱ ካሮል ሲዘምሩ እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፤ ከዚያ በኋላ የሚዞረው ሚንስ ፓይ የሚባለው የገና ጣፋጭ ብዙ ጊዜ ቅቤ አለበት።

ከመምጣታችሁ በፊት እዚያው አዲስ አበባ ኖታ የሚያስተምር ፈልጉ። በየቀኑ አንድ የማታውቁት መዝሙር ክፈቱ፣ የመጀመሪያዋን ኖታ ብቻ ከኪቦርድ ውሰዱ፣ የራሳችሁን ድምፅ መስመር ሳትቆሙ እስከ መጨረሻ ሂዱበት። ከዚያ ብቻ በኪቦርድ አረጋግጡ። መዘምራን ስትጠይቁ ኖታ ምን ያህል እንደምታነቡ ለመሪው በግልጽ ጻፉለት፤ አንድ ልምምድ ቁጭ ብላችሁ ለመስማት ፍቀዱልኝ በሉ። ፈተናው ላይ ያዘጋጃችሁትን ትዘምራላችሁ፣ የድምፃችሁን ከፍታና ዝቅታ ያያሉ፣ ከዚያ አይታችሁ የማታውቁት ወረቀት ይሰጣችኋል። ስትሳሳቱ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ምቱን በጣታችሁ ይዛችሁ ቀጣዩ ባር ላይ ግቡ።