ሁለት ሌሊት በቦሩ ሜዳ

በኅዳር አጋማሽ፣ ለብርድና ለነፋስ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ድንኳን ተሸክሜ ከኮምቦልቻ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን መንገድ ወሎዬ ሁሉ ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። ደሴ ላይ ግን አንድ ባለ ባጃጅ ሸክሜን አይቶ 800 ብር ጠየቀኝ፤ ተከራክሬ 500 ብከፍልም የአገሬው ሰው ከዚያ በጣም ያነሰ እንደሚከፍል በኋላ ስሰማ ከልቤ ተናደድሁ።

ድንኳኑን የተከልሁት ከሜዳው ዝቅተኛ ቦታ፣ መሬቱ ለጥ ካለበት ላይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ባካሄዱበት ሜዳ ላይ ማደር የቆየ ምኞቴ ነው። የድንኳኑ የውጭ ሽፋን እስከ መሬት ይወርዳል፤ የአሉሚኒየም ዘንጎቹም እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ሲመሽ የተነሣው ነፋስ አንዱን ካስማ እንኳ አላነቃነቀም። ብርዱን የባሰ ያደረገው ነፋሱ ከቆመ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው። እኔ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ መስኮት ከፍቼ በአንሶላ የምተኛ ሰው በመሆኔ፣ ሙቀት እንዳይወጣ ብዬ መተንፈሻዎቹን ሁሉ ዘጋሁ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ግንባሬ ላይ ጠብታ ወድቆ ነቃሁ። ባትሪ ሳበራ የገዛ ትንፋሼ በውጭው ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጨው ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ የስሊፒንግ ባጌም እግርጌ ርሷል።

ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሳለ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። «ልጄ፣ ከዚህ ዝቅታ ምን አስተኛህ? ብርድ እንደ ውኃ ወደ ታች ነው የሚወርደው። አብሽር፣ ና ከፍ እንበል» ብለው ከቤታቸው በላይ ወዳለው ተዳፋት፣ ባሕር ዛፍ ወደከለለው ቦታ ወሰዱኝ። ቡናው እስከ ሦስተኛው ተጠጣ፤ የተቆላው ባቄላ ገና ትኩስ ነበር።

ማታ ባለቤታቸው ከሰል ያለበት ምድጃ ይዘውልኝ መጡ። «እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የከሰል ጭስ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል» ስላቸው፣ ምድጃውን መልሰው በምትኩ የበግ አጎዛ አመጡልኝ። ድንኳን የቱንም ያህል ቢጠነክር ከነፋስና ከዝናብ እንጂ ከታች ከሚመጣው የመሬት ቅዝቃዜ አያድንምና፣ አጎዛውን ከፍራሼ ሥር አንጥፌ፣ ሁለቱን መተንፈሻዎች ክፍት ትቼ ተኛሁ። የገባው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ነገር ግን እኔም ልብሴም ደረቅ ነበርንና ወፍ እስኪንጫጫ አልነቃሁም።

አጎዛውን ስመልስ 300 ብር ዘረጋሁ፤ እኚያ አባት እጄን መልሰው ጨበጡና «ለጥር ና» አሉኝ። ኮምቦልቻ እንደ ደረስሁ፣ እርጥብ ታጥፎ ከተቀመጠ ይሻግታልና፣ ሳላርፍ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ አሰጣሁት።