የሽንት ካልቸር ጥናት ልትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ ዲስኩን ፈትሹ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የሠራሁት በስኳር ሕመምተኞች ሽንት ውስጥ በሚገኙ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። ሽንቱን ዘርቶ ባክቴሪያውን ማብቀል ካልቸር ይባላል። የትኛው አንቲባዮቲክ ይሠራል፣ የትኛውን ለምደውታል የሚለውን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጥናቱ አልቋል፣ ተመርቄያለሁ። ይህን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ነው። ዲስክ የምንለው አንቲባዮቲክ የተነከረ ትንሽ የመመርመሪያ ወረቀት ነው፤ ከውጭ ስለሚመጣበት መንገድ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር።

ርዕሱ ለምን ስኳር ሆነ? የደም ስኳር ከልክ ሲያልፍ ወደ ሽንት ይገባል። ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ ነርቭ ይጎዳል። የሽንት ፊኛ ነርቭ ከተጎዳ ሽንት ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ በቀረው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሽንቱ ያቃጠለው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ፋርማሲ ነው። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ይውጣል፣ ካልተሻለው ሌላ ይገዛል። ባክቴሪያው በየትኛው እንደሚሞት የመረመረለት የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ አይደለም።

ፕሮፖዛል መጻፍና ማረም ሁሉም የሚያልፍበት ነው፣ አልዘረዝረውም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩ፣ ፈቀዱ። ናሙና መሰብሰቡም አልከበደም። ታካሚዋን በደንብ አስረዷት፦ መጀመሪያ ትታጠብ፣ የመጀመሪያውን ሽንት ትልቀቀው፣ መሐሉን በዕቃው ትቀበል። ናሙናው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተዘራ ፍሪጅ ይግባ። አለቀ።

አሁን ወደ ዲስኩ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1966 እነባወርና ኪርቢ ያሳተሙት ነው፤ እስካሁን በአብዛኞቹ ላብራቶሪዎቻችን የምንሠራበት። ባክቴሪያውን በጨው ውሃ በጥብጠን ብጥብጡን 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ላይ እናደርሰዋለን። ከዚያ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የሙለር ሂንተን አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ እንቀባለን። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች እናስቀምጣለን። 35 ዲግሪ ላይ ከ16 እስከ 18 ሰዓት አድሮ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይታያል። ክቡን በሚሊ ሜትር እንለካለን። ሰፊ ከሆነ ሴንሲቲቭ ነው፣ መድኃኒቱ ይሠራበታል፤ ጠባብ ከሆነ ሬዚስታንት ነው፣ መድኃኒቱን ለምዶታል።

ስሌቱ ሁሉ የቆመው ዲስኩ ውስጥ ያለው መድኃኒት ልኩን የጠበቀ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። ጄንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ዲስክ 10 ማይክሮግራም መያዝ አለበት፣ ኢሚፔነም የሚባለውም እንዲሁ። ዲስኩ ሙቀት ወይም እርጥበት አግኝቶት መድኃኒቱ ከተበላሸ ክቡ ይጠባል። ባክቴሪያው ምንም ሳይለምድ «ሬዚስታንት» ተብሎ ይጻፋል።

የእኔ ዲስኮች ከውጭ የመጡት በበረዶ ተጠቅልለው ነው። ካርቶኑ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ የሚል ትልቅ ምልክት ነበረበት። ከአውሮፕላን ወርደው መጋዘን ገቡ። መጋዘኑ ውስጥ ቀሩ።

ዕቃ የሚለቀቅበት ቢሮ ስሄድ ሰነዱን ያገላበጠው ሰው «አንቲባዮቲክ ይላል፤ መድኃኒት ከሆነ የመድኃኒት ማስገቢያ ፈቃድ አምጪ» አለኝ። መድኃኒት አይደለም፣ ሰው አይውጠውም፣ የላብራቶሪ መመርመሪያ ነው አልኩት። «አንቲባዮቲክ ይላል እኮ፣ እህቴ» ብሎ ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄድኩ። እነሱ ደግሞ «ይህ መድኃኒት ስላልሆነ እኛን አይመለከትም» አሉ። ልክ ናቸው። ይህንኑ በደብዳቤ ስጡኝ ስላቸው «የማይመለከተን ነገር ላይ ደብዳቤ አንጽፍም» አሉ።

እዚህ ላይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች፣ አንዱ ያለ ወረቀት አልለቅም፣ ሌላው ወረቀት አልሰጥም። በመሐል ዲስኮቹ እየሞቁ ነው። ቢያንስ እስኪፈቀድ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡልኝ ብዬ ለመንኩ። ፍሪጅ አለ፣ ግን ቁልፉ ያለው ሰው የለም። ሲመጣ ደግሞ ያለ ኃላፊ ትእዛዝ አልከፍትም አለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ሲስተም የለም። ከዚያ የዩኒቨርሲቲዬ ደብዳቤ ላይ ያለው ማህተም ስላልጎላ ሌላ አምጪ ተባልኩ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረኝም፤ ሁሉም በትሕትና ነው ያመላለሱኝ። የሚያናድደውም እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ የእኔ ጉዳይ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ ሲለቀቅ በረዶው ውሃ ሆኗል። አስመጪው «ኤክስፓየር ዴቱ አላለፈም፣ ችግር የለውም» አለ። ኤክስፓየር ዴት የሚሠራው በታዘዘው ሙቀት ለተቀመጠ ዕቃ ብቻ ነው። ይህን ክርክር እናንተም ትገቡበታላችሁ፣ አትሸነፉ።

ከታካሚ ባክቴሪያ በፊት የኮንትሮሉን ዘራሁ። ኮንትሮሉ ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 የሚባል ለማመሳከሪያ የሚያገለግል ባክቴሪያ ነው፤ ጠባዩ የታወቀ፣ ክቡ በየመድኃኒቱ ከስንት እስከ ስንት መሆን እንዳለበት በሠንጠረዥ የተቀመጠለት። በጄንታማይሲን ከ19 እስከ 26 ሚሊ ሜትር፣ በአሞክሲሲሊን ክላቩላኔት ከ18 እስከ 24፣ በኢሚፔነም ከ26 እስከ 32። ጄንታማይሲኑ ልኩ ላይ አረፈ። የሌሎቹ ሁለቱ ክብ ጠቦ ከመነሻው በታች ወረደ። አጋሩን እንደገና ቀዳሁ፣ ውፍረቱን ለካሁ፣ ማክፋርላንዱን አስተካከልኩ። ያው ነው። ችግሩ ከአጋሩ ወይም ከብጥብጡ ቢሆን ጄንታማይሲኑም አብሮ ይናጋ ነበር። የወደቁት ሁለቱ ሙቀትና እርጥበት የማይችሉት ናቸው። ጄንታማይሲን ግን ቻይ ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

ላብራቶሪው ውስጥ ከእኔ በላይ ልምድ ያለው ሰው «ሁሉም በዚህ ነው የሚሠራው፤ የታካሚዎቹን ጻፊና ጨርሺ» አለኝ። እንቢ አልኩ። በሕይወቴ ከምኮራባቸው እንቢታዎች አንዱ ነው። አስቡት፦ ኢሚፔነም ሌላው ሲያቅት ከምንደርስባቸው የመጨረሻ መድኃኒቶች አንዱ ነው። የታካሚ ኢ. ኮላይ በኢሚፔነም 23 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሴንሲቲቭ፣ 19 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሬዚስታንት ይባላል። በተበላሸ ዲስክ ብሠራ ኖሮ የስኳር ሕመምተኞቻችን የመጨረሻውን መድኃኒት በለመደ ባክቴሪያ ተወርረዋል የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ያንን ያነበበ ሐኪም ኮሊስቲን ወደሚባለው አንቲባዮቲክ ይሄዳል። ኮሊስቲን ኩላሊት ይጎዳል። የስኳር ሕመምተኛ ኩላሊት ደግሞ ቀድሞውኑ የተፈተነ ነው። አንድ ፍሪጅ ባለመከፈቱ ሰው እዚህ ድረስ ሊጎዳ ይችላል።

ያዳነኝ ነገር ባክቴሪያዎቹን በተገኙበት ቀን ግሊሰሮል ባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ማስቀመጤ ነው። አዲስ ዲስክ እስኪመጣ ጠበቁኝ። በአዲሱ ስሞክራቸው ብዙዎቹ በኢሚፔነም ሴንሲቲቭ ሆኑ። የሲፕሮውና አምፒሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ መላመድ ግን በአዲሱ ዲስክም ታየ፤ ያ እውነተኛ ነው፣ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ዲስክ በሰላም ገባ። ደብዳቤውን ዕቃው ከመነሳቱ በፊት አስጻፍን። «ለሰው የማይሰጥ የላብራቶሪ መመርመሪያ» የሚል ቃል በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤም፣ በፕሮፎርማውም፣ በጭነት ሰነዱም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ተጻፈ። ቃሉ አንድ ፊደል እንኳ አይለያይ። ትራንዚተሩን ከመድረሱ በፊት አነጋገርነው። መድረሻው ዓርብ ወይም የፋሲካና የጥምቀት ዋዜማ እንዳይሆን አደረግን። ካርቶኑ ውስጥ ሙቀት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ይግባ በሉ፤ አስመጪው ቢያጉረመርምም።

የምንከተለው የአሜሪካው የላብራቶሪ መመሪያ (CLSI) ኮንትሮል ለተወሰነ ጊዜ በየቀኑ ተሠርቶ ካለፈ ወደ ሳምንታዊ መሸጋገርን ይፈቅዳል። እኔ አልስማማም። መመሪያው የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት ላብራቶሪ ነው። እኛ ጋ ፍሪጁ ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ሊበራ ይችላል፣ ማንም አያውቅም። የታካሚ ናሙና በዘራችሁ ቁጥር ኮንትሮሉን አብራችሁ ዝሩ። ዲስክ ይበላል፣ ገንዘብ ይበላል፣ ይብላ። ዲስኩን ከፍሪጅ እንዳወጣችሁ ደግሞ አትክፈቱት። አንድ ሰዓት ያህል እንደታሸገ ይቆይ፣ አለበለዚያ ላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል። ክላቩላኔትን እርጥበት ነው የሚገድለው።

የምትለኩበት ሠንጠረዥ የስንት ዓመት እንደሆነም እዩ። ይኸው የአሜሪካው መመሪያ (CLSI) በየዓመቱ ይታደሳል። በሲፕሮ 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ኢ. ኮላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ሴንሲቲቭ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ ሬዚስታንት ነው። ባክቴሪያው ያው ነው። የድሮ ቴሲስ ከአዲስ ጋር አነጻጽራችሁ «መላመዱ ጨመረ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ስንት ጽሑፍ እንዲህ እንደተሳሳተ ሳስብ እበሳጫለሁ።

ሌላም አለ። ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሴቶች ነበሩ። ውጤቱን ወደ ክሊኒክ በላክሁ ጊዜ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ሲል ተከራከርኩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ምልክት የሌላቸውን የስኳር ሕመምተኛ ሴቶች በአንቲባዮቲክ ማከም ከሽንት ኢንፌክሽን እንደማያድናቸው አሳይቷል። እርጉዝ ከሆነች ወይም የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ከተያዘላት ግን ትታከም። ስለዚህ ውጤት ስትልኩ ባክቴሪያውን ብቻ አትጻፉ፤ ታካሚዋ ምልክት ይኑራት አይኑራት አብራችሁ ጻፉ። ስታሳትሙ ደግሞ የዲስኩን ሎት ቁጥር (የምርት ዙሩን መለያ) እና የኮንትሮሉን ክብ ልክ በሠንጠረዥ አስገቡ። ገምጋሚው አውጡት ቢላችሁ እንኳ አታውጡት።