ሃና፣ ዱል፣ ሴት በደሴ ብርድ

ደሴ የገባሁት ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን ልዝለለው፤ ደብረ ሲና ላይ ከገዛሁት ቆሎ በቀር ትዝ የሚለኝ የለም።

ከመናኸሪያ ፒያሳ ያደረሰኝ ባጃጅ 200 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ50 ብር ሄድኩት። የቆጨኝ ብሩ አይደለም፤ ልጁ “ወንድሜ፣ ወንድሜ” እያለ መብላቱ ነው። አልጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ። 600 ብር ከፍዬ የተሰጠኝ አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ካልሲ ደርቤ፣ ጃኬት ለብሼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን የለም።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። መንገዱ በጭጋግ ተሸፍኗል። ትንሽ እንደሄድኩ ከአንድ ግቢ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። “ሃና! ዱል! ሴት! ኔት!” የኮሪያ ቁጥር ነው። ቴኳንዶ! ሦስት ዓመት ስሠራ የቆየሁት ስፖርት ነው፤ ብርዱን ረሳሁት።

ሃያ የሚሆኑ ልጆች በባዶ እግራቸው ሲሚንቶ ላይ ቆመዋል። አሰልጣኙ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ልጆቹ “ሳቦም” ይሏቸዋል፤ በኮሪያኛ አሰልጣኝ ማለት ነው። አንገቴን ደፍቼ ሰላም ስላቸው “ግባ፣ ብርድ ላይ አትቁም” አሉኝ።

ምት አያለሁ ብዬ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ግን ያየሁት አቋቋም ነው። አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ጉኑን ሶጊ በሚባለው አቋቋም ትቆማለች። የፊት ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው እግር ቀጥ ይላል፣ ክብደት ለሁለቱም እኩል ይከፈላል። ሳቦም በሁለት ጣት ትከሻዋን ገፋ አደረጓት። ተንገዳገደች። የኋላ እግሯ ወደ መሀል ገብቶባት ኖሯል፤ የትከሻ ስፋት የለውም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን አወጡላትና እንደገና ገፏት። አልተነቃነቀችም። ፈገግታዋን ብታዩት!

ቀጥሎ ቾን ጂ ሠሩ፤ ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። 19 እንቅስቃሴ አለው። ትርጉሙም “ሰማይና ምድር” ነው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ጦሳ ከኋላቸው ብቅ አለ። ስሙ ለዚህ ቦታ የወጣ መሰለኝ።

በኋላ ሻይና ሳንቡሳ ጋበዙኝ። ልክፈል ብል በፍጹም። ደረጃዬን የሚያሳየውን የቀበቶዬን ቀለም ጠየቁኝ፤ “ሰማያዊ” አልኩ። እውነቱን ለመናገር በአንገቴ ላይ ድንጋይ የታሰረ ያህል ነው የከበደኝ። እኔ የምሠራበት ጂም በየሦስት ወሩ ፈተና አለ፤ የከፈለ ሁሉ ያልፋል። መስታወት አለ፣ ሙዚቃ አለ። ትከሻዬን በሁለት ጣት የገፋኝ ሰው ግን የለም።

ሳቦም የቀበቶን ነገር ከሥሩ አጫወቱኝ። ነገሩ የመጣው ከጃፓን ጁዶ ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ፣ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጅ ሳለ ሰውነቱ አነስተኛ ስለነበር ጉልበተኞች ያስቸግሩት ነበር። ጥቁር ቀበቶን ለላቁ ተማሪዎቹ ያሰረ እሱ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ የመሳሰሉት ቀለማት በኋላ አውሮፓ ውስጥ ነው የተስፋፉት። ሳቦም ጁዶ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ መሆኑን ሲነግሩኝ ዓይናቸው በራ። “የኛ አበበ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት!” አሉ።

ከካኖ መርሆች አንዱ “አንተም እኔም አብረን እንደግ” የሚል ነው። መውደቅ ለመማር በጥንቃቄ የሚጥልህ ሰው ያስፈልጋል። ካራቴን እ.ኤ.አ. በ1922 ከኦኪናዋ ወደ ቶኪዮ የወሰደው ፉናኮሺም መምህር ነበር፤ ቀድመህ አትምታ ብሎ ያስተምር ነበር። ቴኳንዶ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ኮሪያ ውስጥ ነው፤ ስሙን በማውጣት ግንባር ቀደም የነበሩት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂም ጃፓን ሳሉ ካራቴ ተምረዋል። አገር ይለያያል፣ ማጎንበሱ ግን የትም አይቀርም። ሳቦም ይህን ሲነግሩኝ ያን ጠዋት ያየሁት ነገር መጣብኝ። ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ አንድ ጎረምሳ እግሩን አንስቶ የትንሹ ልጅ ደረት ጋ ሲደርስ አቆመው። ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመልሼ ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ሲሚንቶው እንደ በረዶ ነው። ከነጭ ቀበቶዎቹ ጋር ከኋላ ተሰለፍኩ። ሳቦም መጥተው ትከሻዬን በሁለት ጣት ገፉኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያቺ ልጅ ዘወር ብላ አየችኝ። “አብሽር ጋሼ፣ እኔም ወር ፈጅቶብኛል” አለችኝ። የኋላ እግሬን ወደ ጎን አወጣሁና እንደገና ቆምኩ።