የታገደው አድሚን ፋይል ማጥፋት ለምን ቻለ?

አካውንቱ ታግዷል፤ ዳታቤዙም «ታግዷል» ይላል። ያው አካውንት ግን ፋይል ሲያጠፋ ተገኘ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ካሹ (ለፍጥነት ተብሎ የሚቀመጠው የመረጃ ቅጂ) ነበር፤ አሮጌ መረጃ ይዞ ይሆናል ተባለ። ካሹ ተጸዳ፣ ችግሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፍንጩ የተገኘው ከሎጉ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሠራውን ከሚመዘግብበት ፋይል ነው። እገዳን የሚፈትሸው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አንድ መስመር ይጽፋል። በዚህ አድሚን ስም አንድም መስመር የለም። ፍተሻው አልተሳሳተም፤ ጭራሽ አልተጠራም። ኮዱ እንዲህ ይላል፦

ኢፍ (አድሚን || ባለቤት && !ታግዷል())

|| «ወይም»፣ && «እና»፣ ! ደግሞ «አይደለም» ማለት ነው። የታሰበው «አድሚን ወይም ባለቤት ይሁን፣ እስካልታገደ ድረስ» ነው። ቋንቋው ግን &&ን ከ|| ስለሚያስቀድም የሚያነበው እንዲህ ነው፦

አድሚን || (ባለቤት && !ታግዷል())

አድሚን እውነት ከሆነ || የቀኝ ጎኑን ሳያይ ያልፋል። ሎጉ ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው።

ቴስቶቹ ሁሉ ማለፋቸው አይገርምም። ሦስቱ ሁኔታዎች 8 ጥምረት አላቸው፤ ሁለቱ አነባበቦች የሚለያዩት በ2ቱ ብቻ ነው፦ ሰውየው አድሚን ሆኖ ሲታገድ፣ ባለቤት ቢሆንም ባይሆንም። የተሞከረው ደግሞ አድሚን ያልሆነ የታገደ ባለቤት ነበር፤ እሱ በየትኛውም አነባበብ ይከለከላል። 8ቱንም ጥምረት በሰንጠረዥ መሞከር ጥቂት መስመር ነው የሚፈጀው።

(አድሚን || ባለቤት) && !ታግዷል() ብሎ መጻፍ ችግሩን ይፈታል። ከዚያ የሚሻለው ግን እገዳውን ለብቻው ከላይ ፈትሾ፣ የታገደን እዚያው መመለስ ነው። ነገ ሦስተኛ የሚና ዓይነት ሲጨመር የሚረሳ ቅንፍ አይኖርም።

በሲ ቋንቋ ደግሞ የባሰ አለ፦ ኢፍ (ፈቃድ & 4 == 0)። ነጠላው & ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት (በየሁለትዮሽ አሃዙ) «እና» ያደርጋል፤ የታሰበው በፈቃድ ውስጥ የ4 ቢት አለመኖሩን ማየት ነው። እዚህ ግን == («እኩል ነው ወይ?») ይቀድማል። 4 == 0 ሐሰት፣ ማለትም 0 ነው፤ ፈቃድ & 0 ምንጊዜም 0 ስለሆነ ኢፉ ውስጥ ያለው ኮድ ፈጽሞ አይሠራም። ይህ የታሪክ ቅሪት ነው። በመጀመሪያ && እና || አልነበሩም፤ ሥራቸውን & እና | ደርበው ይሠሩ ነበር። የሲ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ አዲሶቹን ሲጨምር፣ ቀድሞ የተጻፈው ኮድ እንዳይበላሽ የ&ን ደረጃ ባለበት ተወው። ፓይተን በተቃራኒው &ን ከ== ያስቀድማል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቋንቋ የለመዱትን ይዞ ወደ ሌላው መሄድ አደገኛ ነው።

የጂሲሲ (የሲ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር) አጠቃላይ ማስጠንቀቂያዎች ከተከፈቱ ኮምፓይለሩ በሁለቱም ቦታ ቅንፍ እንዲጨመር ይጠቁማል። ማስጠንቀቂያ እንደ ስህተት እንዲቆጠር ከተደረገ ደግሞ ኮዱ ቅንፍ ሳይገባበት አይገነባም።