ጠበቃው ያልሰማው መልስ

ዳኛ ሳለሁ የሰማሁት አንድ መስቀለኛ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ክሱ የአካል ጉዳት ነው። ምስክሩ የሰፈር ባለሱቅ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ምስክሩን ያቀረበው ዐቃቤ ሕግ በጠየቃቸው ዋና ጥያቄ «ተከሳሹ በዱላ ሲመታው አይቻለሁ» ብለዋል።

ከዚያ በተራው መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብላቸው ተከላካይ ጠበቃ ጎበዝ ልጅ ነው። በደንብ ተዘጋጅቷል፤ እንዲያውም ሳይበዛበት አልቀረም። ጥያቄዎቹን በተራ ቁጥር ጽፎ ይዟል። አንዱን በጠየቀ ቁጥር በእስክሪብቶ ራይት ያደርጋል።

«ጠቡ ሲጀመር የት ነበሩ?»

«ሱቄ ውስጥ። ጩኸት ሰምቼ ብወጣ ልጁ ወድቋል።»

ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ይመጣል? ምስክሩ ተከሳሹ ሲመታው አላዩም ማለት እኮ ነው! ጠበቃው ግን ራይት አደረገና ቀጠለ፦

«ተከሳሹ ሲመታው በስንት ሜትር ርቀት ላይ ነበሩ?»

ዐቃቤ ሕጉ አንገቱን ደፋ፤ ሳቁን ሊደብቅ መሰለኝ። የጠበቃው ዓይን ወረቀቱ ላይ፣ ቀልቡ ቀጣዩ ጥያቄ ላይ ነበር።

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 136(4) ፍርድ ቤቱ ለትክክለኛ ፍትሕ ያስፈልጋል ያለውን ጥያቄ በማንኛውም ጊዜ ምስክሩን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጠየቅኋቸው።

«ሲመታው በዓይንዎ አይተዋል?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሰዉ ሁሉ እሱ ነው ሲል ሰምቼ ነው።»

ዳኛ ግን የጠበቃ ቀዳዳ ሲደፍን አይውልም። መዝገብ ተቆልሎ ሰዓቱ ሲገፋ የዳኛም ልብ ምሳ ጋ ይሄዳል።

ከዓመታት በኋላ ጠበቃውን ካፌ አገኘሁት። ማኪያቶ እየጠጣን ያንን ችሎት ራሱ አነሳው። አሁን ምስክር ሲናገር ወረቀቱን ይገለብጠዋል። ለመስቀለኛ ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት እግሮቹን መሬት ላይ አደላድሎ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። «ዳዊት የምደግም የሚመስላቸው አሉ» ብሎ ሳቀ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ስቲቨን ብሬየርም በቀን ሁለት ጊዜ 10 ወይም 15 ደቂቃ ዝም ብለው እንደሚቀመጡ ተናግረዋል። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ደግሞ ይህን ቀልብን የመሰብሰብ ልምምድ ለተማሪዎቹ በኮርስ መልክ ይሰጣል። እኛ ጋ ለመጀመር ወረቀት መገልበጥ ይበቃል።

እኔም ለኤክስተርንሺፕ (ለተግባር ልምምድ) የሚመጡ የሕግ ተማሪዎችን ያለ ስልክና ያለ እስክሪብቶ ችሎት አስገባቸዋለሁ። ሲወጡ ምስክሩ ያለውን ይጽፋሉ። በቀደም አንዷ «አየሁ ነው ያለው» ስትል ሌላው «የለም፣ ደረስኩ ነው ያለው» ብሎ ድርቅ አለ። የተቀረጸውን ድምፅ ካልሰማን ብለው ሬጅስትራሩን አላስቀምጥ አሉት።